ዘሪና አጫጅ፦ የፕሬዚዳንት ካርተር ዘመን በአንድምታ

መቅድም

ጂሚ ካርተር ከ1977 እስከ 1981 አሜሪካን የመሩ 39ኛው ፕሬዚዳንት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1980 ምርጫ ከ50 ግዛቶች 44ቱ ፊት ነሷቸው። በዲሴምበር 2024 በ100 ዓመታቸው ሲያርፉ ግን የነቀፋቸውም የደገፋቸውም በአንድ አፍ አመሰገናቸው። ዘመናቸው ያው አራት ዓመት ነው፤ ፍርዱ ግን ሁለት ሆነ።

እንዲህ ያለውን ነገር ለመፍታት የአባቶቻችን የአንድምታ ሥርዓት ይበጃል። መምህሩ ንባቡን ያቆማል፣ ይፈታዋል፣ ታሪኩን ያመጣል፣ ከዚያ በኋላ «አንድም» እያለ ትርጓሜውን ይደረድራል። የኋለኛው አንድም የፊተኛውን አይሽርም፤ ይሁን እንጂ ከንባቡ የተፋታ ትርጓሜ ጉባኤው አይቀበለውም። የፓርቲ ተከራካሪ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የሚመቸውን አንዱን አንድም ይይዛል፣ ሌላውን ይሰርዛል፣ ንባቡንም ወደ ያዘው ትርጓሜ ይጎትታል።

የሚፈታውን ንባብ ከመጽሐፍ አላመጣሁትም፤ ለዚሁ ጉዳይ ራሴ አሰናዳሁት፦

«ሕዝብ መረጠው፤ አራት ዓመት ዘራ፤ አዝመራውን ሌላው ሰበሰበ፤ ወገኑም ባላንጣውም መዘኑት፤ ሚዛናቸው ግን የተካከለ አልነበረም፤ በሸመገለ ጊዜ አመሰገኑት።»

«ሕዝብ መረጠው»

በ1976 ምርጫ ጄራልድ ፎርድን በወኪል መራጮች ድምፅ 297 ለ240 አሸነፉ ማለት ነው።

ታሪክ፦ አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ልጆቿን ቀብራ፣ በዋተርጌት ቅሌት በመሪዎቿ አፍራ ነበር። ሪቻርድ ኒክሰን በኦገስት 1974 ሥልጣን ለቀቁ፤ ተተኪያቸው ፎርድ በወሩ ምሕረት አደረጉላቸው፤ ሕዝቡም ይህን አልወደደም። በዚህ ጊዜ በጆርጂያ ግዛት ፕሌንስ ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩ፣ ኦቾሎኒ የሚያመርቱ፣ ግዛታቸውን በገዥነት ያስተዳደሩ ሰው ተነሥተው «አልዋሻችሁም» አሉ። የሰለቸው ሕዝብ ይህን ቃል ተቀበለ።

አንድም፦ ሕዝብ መረጠው እንጂ ዋሽንግተን አልመረጠውም ሲል ነው። ምነው ቢሉ፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች በራሳቸው ፓርቲ በዴሞክራቶች እጅ ነበሩ፤ ሆኖም ካርተር ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ እያንዳንዱ እንደራሴ ለአካባቢው ያስመደበውን የግድብና የውኃ ፕሮጀክት «ብክነት ነው» ብለው ሊሰርዙ ተነሡ፤ ከወገኖቻቸውም ጋር ተቃቃሩ።

ሐተታ፦ ለሹማምንት አለመጎንበሳቸው አስመረጣቸው፤ ያው ጠባይ ከተመረጡ በኋላ ሕግ የሚያሳልፍላቸውን ወዳጅ አሳጣቸው። እንግዲህ «ኮንግረስ አላሠራቸውም» የሚል ደጋፊ፣ ኮንግረሱ የማን ፓርቲ እንደነበረ አብሮ ይናገር። «ምንም አልሠሩም» የሚል ነቃፊም ቀጥሎ ያለውን ያንብብ።

«አራት ዓመት ዘራ»

ሥራ ሠራ ማለት ነው። ሥራው ምንድን ነው ቢሉ፣ የመጀመሪያው ካምፕ ዴቪድ ነው። በሴፕቴምበር 1978 የግብፁን አንዋር ሳዳትንና የእስራኤሉን ሜናኼም ቤጊንን ለ13 ቀን በአንድ ግቢ አስቀመጧቸው። ሁለቱ ፊት ለፊት መነጋገር ሲያቅታቸው ካርተር ረቂቁን ይዘው ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ይመላለሱ ነበር። የሰላሙ ውል በማርች 1979 ተፈረመ። በ1948፣ በ1956፣ በ1967 እና በ1973 የተዋጉ ሁለት አገሮች ከዚያ ወዲህ ጦር አልተማዘዙም። የፍልስጥኤማውያን ነገር ግን በዚያው ጉባኤ መላ ይፈለግለታል ተብሎ ሳይፈለግለት ቀረ፤ ይህም ከዚያው መዝገብ አይጠፋም።

ሁለተኛው የፓናማ ቦይ ነው። ቦዩን ለፓናማ የሚመልሱት ሁለት ውሎች በ1978 በሴኔት እያንዳንዳቸው 68 ለ32 በሆነ ድምፅ አለፉ፤ የሚያስፈልገው 67 ነበር። ለካርተር አንዳች የምርጫ ትርፍ ያልነበረው፣ ድምፅ የሰጡትንም ሴናተሮች ለተቀናቃኝ ያጋለጠ ነገር ነው። ከዚህ ሌላ በጃንዋሪ 1979 ከቻይና ጋር ሙሉ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ጀመሩ፤ በ1978 የአየር መንገዶችን ዋጋና መስመር ከመንግሥት ቁጥጥር የሚያላቅቅ ሕግ ፈረሙ፤ ሥልጣን ሊለቁ ሳምንታት ሲቀሩ በአላስካ ከ40 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንዲጠበቅ አደረጉ።

አንድም፦ ዘራ ማለቱ የዚህን ጽሑፍ አንባቢ ጭምር ሲል ነው። ይህ እንደምን ነው ቢሉ፣ ካርተር በማርች 1980 የስደተኞችን ሕግ ፈረሙ። ከዚያ በፊት የአሜሪካ ሕግ ስደተኛ የሚለው በተለይ ከኮሚኒስት አገርና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸውን ነበር። አዲሱ ሕግ ከየትም ይምጣ፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ ወይም በፖለቲካ አቋሙ የሚሳደድን ሰው ሁሉ ስደተኛ አለ፤ በየዓመቱ የሚገባውም ቁጥር በሥርዓት እንዲወሰን አደረገ። ከደርግ ሸሽቶ በሱዳን መጠለያ የቆየው ኢትዮጵያዊ በ1980ዎቹ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ሎስ አንጀለስና ወደ አትላንታ የገባው በአብዛኛው በዚህ በር ነው። የሚደንቀው፣ ሕጉን በሴኔት የመሩት ኤድዋርድ ኬኔዲ ናቸው፤ እኒህ ሰው በዚያው ወራት የፓርቲውን ዕጩነት ከካርተር ለመንጠቅ በየግዛቱ ይወዳደሩ ነበር። ተፎካካሪዎቹ በአደባባይ እየተወቃቀሱ በአንድ ሕግ ላይ እጃቸውን አኖሩ።

አንድም፦ ጥፋትም ዘራ ሲል ነው። በ1977 የመጨረሻ ሌሊት ካርተር በቴህራን በተደረገላቸው ግብዣ ላይ የሻሁን ኢራን የመረጋጋት ምሳሌ አድርገው አወደሱ፤ ከአንድ ዓመት ጥቂት ቀን ቢያልፍ ሻሁ አገር ጥለው ወጡ። በኦክቶበር 1979 ታመው ኒው ዮርክ ገብተው እንዲታከሙ ካርተር ፈቀዱ። በኖቬምበር 4 የቴህራን ተማሪዎች የአሜሪካን ኤምባሲ ያዙ፤ ሰዎቹንም አገቱ። ኤምባሲው አደጋ ላይ እንደሚወድቅ የሚያስጠነቅቁ አማካሪዎች ስለነበሩ «ድንገት ደረሰ» አይባልም።

አንድም፦ ይህ ዘር እኛም አገር ወድቋል። ታሪክ፦ ካርተር ቃለ መሐላ በፈጸሙ በሁለት ሳምንት፣ በጥር 1969 ዓ.ም. ማብቂያ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የደርግ ባላንጣዎቻቸውን አስገድለው ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ። በየካቲት የካርተር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይረስ ቫንስ፣ በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ፣ ለአርጀንቲናና ለኡራጓይ የሚሰጠው ዕርዳታ እንደሚቀነስ አስታወቁ። ደርግ በሚያዝያ በአስመራ የነበረውን የአሜሪካ ጣቢያ፣ ቃኘውን፣ ዘጋ፤ የአሜሪካን ወታደራዊ አማካሪዎችም አስወጣ፤ ወሩ ሳያልቅ መንግሥቱ ሞስኮ ነበሩ። በሐምሌ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ወረረ።

የዚህ ፍች ሦስት ነው። አንድም፦ ትክክል አደረጉ፤ ወጣት በየጎዳናው ለሚረሸንበት መንግሥት ጥይት አይሰጥም። አንድም፦ ተሳሳቱ፤ ኢትዮጵያን ወደ ሶቪየት ገፏት፣ የተከፈለበትን መሣሪያ እንኳ አስቀርተው በወረራ ጊዜ ብቻዋን ተዉአት። ይህኛው በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ብዙ አማኝ አለው። ነገር ግን ንባቡ ይጠየቅ፤ ደርግ ከሞስኮ ጋር የመጀመሪያውን ትልቅ የመሣሪያ ስምምነት የፈረመው በዲሴምበር 1976፣ ካርተር ዋይት ሐውስ ሳይገቡ ነው። መንገዱ ተጀምሮ ነበር፤ ካርተር አፋጠኑት ቢባል ይቀርባል። አንድም፦ መርሑ እውነተኛ ነበር፣ አፈጻጸሙ ግን አዳላ፤ ለመንግሥቱ የተከለከለው ለሻሁ አልተከለከለም፤ በ1980ም የበርበራን ወደብ ለመጠቀም ከዚያው ከዚያድ ባሬ ጋር ተዋዋሉ። እኔ ወደዚህ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ። የመጀመሪያው የተናገሩትን ብቻ፣ ሁለተኛው የደረሰውን ብቻ ይዟል፤ ሦስተኛው ቃሉንና ሥራውን አገናኝቶ ይጠይቃል።

«አዝመራውን ሌላው ሰበሰበ»

ምስጋናውን ተተኪው ሮናልድ ሬገን ወሰዱት ማለት ነው። ታሪክ፦ የዋጋ ንረት በ1976 ከ6 በመቶ በታች ነበር፤ በ1980 ወደ 13.5 በመቶ ደረሰ። የኢራን አብዮት ነዳጅ ሲያስወድድ የቤት መሥሪያ ብድር ወለዱም አብሮ ናረ። ካርተር በኦገስት 1979 ፖል ቮልከርን የፌደራል ሪዘርቭ ሊቀ መንበር አድርገው ሾሙ። ሰውየው ገንዘብ አጥብቀው፣ ወለድ ሰቅለው፣ ንረቱን ለመስበር የቆረጡ መሆናቸው የታወቀ ነበር። በምርጫ ዋዜማ እንዲህ ያለ ሰው መሾም ራስን መጉዳት ነው። መድኃኒቱ የሠራው ካርተር ከሄዱ በኋላ ነው፤ በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት ከ10 በመቶ በላይ ወጣ፣ በ1983 ንረቱ ወደ 3 በመቶ ወረደ፣ በ1984 ሬገን በድል ተመረጡ። ሬገንም ድርሻ የላቸውም አይባልም፤ ሥራ አጥነቱ ሲብስ ቮልከርን ደግፈው ቆይተዋል፤ በ1983ም መልሰው ሾመዋቸዋል።

አንድም፦ ስለ ታጋቾቹ ሲል ነው። 52ቱ አሜሪካውያን በ444ኛው ቀን፣ በጃንዋሪ 20 ቀን 1981፣ ሬገን ቃለ መሐላ በፈጸሙ በደቂቃዎች ውስጥ ተለቀቁ። የመፈታታቸውን ውል በአልጄሪያ ሽማግልና የጨረሱት የካርተር ሰዎች ነበሩ።

አንድም፦ ካርተርም የሌላውን አዝመራ ሰብስቧል ሲል ነው። ይህን ደጋፊዎቻቸው ይዘሉታል። የቻይናን በር በ1972 የከፈቱት ኒክሰን ናቸው። የፓናማው ድርድር የተጀመረው በ1964ቱ ሁከት ማግሥት በሊንደን ጆንሰን ጊዜ ነው። ለካምፕ ዴቪድም ሳዳት በኖቬምበር 1977 ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደው ባይናገሩ ኖሮ ማን ይሰበሰብ ነበር?

ሐተታ፦ «ንረቱን ወርሰው ነው፣ አይወቀሱበት» ያለ ሰው፣ ቻይናንና ፓናማንም የወረሱት ነውና ምስጋናውን ያካፍል። ወቀሳ ሲመጣ ያለፈውን መንግሥት የሚጠራ፣ ምስጋና ሲመጣ የሚረሳ ሰው ሒሳብ አያውቅም።

«ወገኑም ባላንጣውም መዘኑት»

ሪፐብሊካኖች «ደካማ፣ የአሜሪካን ክብር ያዋረደ» አሏቸው። ኤቢሲ ቴሌቪዥን በየሌሊቱ የእገታውን ቀን እየቆጠረ ያቀርብ ነበር፤ በዚያ ቆጠራ መካከል የተሠራ ሌላ ሥራ ለማንም አልታየም። የምርጫው ቀን የዋለው ኤምባሲው በተያዘበት ልክ በዓመቱ፣ በኖቬምበር 4 ነው።

አንድም፦ ከባላንጣው ይልቅ ወገኑ አከበደበት ሲል ነው። ኬኔዲና የፓርቲው ግራ ክንፍ «ለሁሉ የሚሆን የጤና መድን ዘገየ፣ በጀት ተቆረጠ፣ ይህማ ሪፐብሊካን ነው» አሉ። አንዱ ወገን ለዘብተኛ ሲላቸው ሌላው ወግ አጥባቂ አላቸው። ደጋፊዎቻቸው ይህን ይዘው «ከሁለቱም ወገን ከተወቀሰ መካከለኛውን ያዘ ማለት ነው» ይላሉ፤ ይህ ግን አይከተልም። ከሁለት ወገን የተወቀሰ ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ጊዜም ተሳስቶ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ በጁላይ 1979 ካርተር ስለ ነዳጅ እጥረትና ስለ ሕዝቡ መንፈስ መዛል በቴሌቪዥን ተናገሩ። ዛሬ ያ ንግግር የውድቀታቸው መጀመሪያ ተብሎ ይተረታል። በዚያ ሰሞን ግን ብዙ ሰው ወዶት ነበር፤ የድጋፍ መጠናቸውም ከፍ አለ። ነገሩን ያበላሸው ከሁለት ቀን በኋላ የሆነው ነው፤ ሚኒስትሮቻቸው ሁሉ መልቀቂያ እንዲያቀርቡ ጠየቁ፣ አምስቱ ወጡ፣ ሕዝቡም መንግሥት ፈረሰ ብሎ ደነገጠ። ጥፋቱ ንግግሩ ላይ የተለጠፈው ከንግግሩ ጋር መቀለድ ስለሚቀል ነው።

«ሚዛናቸው ግን የተካከለ አልነበረም»

ለራስ ወገን ሐሳቡን፣ ለባላንጣ ውጤቱን መዘኑ ማለት ነው። ታሪክ፦ በኤፕሪል 1980 ታጋቾቹን በኃይል ለማስለቀቅ የተላኩ ሄሊኮፕተሮች በኢራን በረሃ ተበላሹ፤ ዘመቻው ተሰርዞ ሲመለሱ አንዱ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ወታደሮች ሞቱ። ዘመቻውን አስቀድመው የተቃወሙት ቫንስ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ነቃፊ 8ቱን ይቆጥራል፣ ደጋፊ በሕይወት የተመለሱትን 52 ይቆጥራል። ንባቡ ሁለቱንም ይዟል። ጦርነት ሳይከፈት ሁሉም በሕይወት ተመለሱ፤ ለዚህ 444 ቀንና የ8 ሰው ሕይወት ተከፈለ።

አንድም፦ የመራጭ ሚዛንና የታሪክ ሚዛን አንድ አይደሉም ሲል ነው። ሬገን በክርክሩ መድረክ መራጩን «ከአራት ዓመት በፊት ከነበራችሁበት ዛሬ ይሻላችኋል ወይ?» የማለት ያህል ጠየቁ። ድምፅ ለሚሰጥ ሰው ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ኪሱን የሚያውቅ እሱ ነው። ለታሪክ ግን አይበቃም። በዚህ ጥያቄ ብቻ ቢሄዱ የግብፅና የእስራኤል ሰላም ከምንም አይቆጠርም፣ ቮልከርም የካርተር ጥፋት ይሆናል።

ሐተታ፦ ታዲያ በምን ይመዘን ቢሉ፣ በሦስት ጥያቄ። ሲገባ ምን አገኘ? በእጁ ምን ነበረ? ሲወጣ ምን ተወ? የመጀመሪያው ያለ ጥፋቱ ከመወቀስ ያድነዋል። ሁለተኛው ከማመካኘት ይከለክለዋል፤ ለሻሁ የተሰጠው ውዳሴ፣ ሚኒስትሮቹን በአንድ ቀን መልቀቂያ መጠየቅ፣ ከራስ ፓርቲ ጋር መቃቃር በእጃቸው የነበሩ ነገሮች ናቸው። ሦስተኛው ዓመታት ካላለፉ አይመለስም፤ ፓናማ ቦዩን እንኳ የተረከበችው በ1999 መጨረሻ ነው። ስለዚህ በሥልጣን ላይ ስላለ ፕሬዚዳንት የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ከሦስቱ ጥያቄ አንዱ ሳይመለስ የተሰጠ ነው። ይህ ማለት አይነቀፍ ማለት አይደለም፤ ነቃፊው ገና ያላለቀ ሒሳብ እየተናገረ መሆኑን ይወቅ ማለት ነው።

«በሸመገለ ጊዜ አመሰገኑት»

ከሥልጣን በኋላ በሠራው አከበሩት ማለት ነው። በ1982 የካርተርን ማዕከል በአትላንታ አቋቋሙ። በ1986 በዓመት 3.5 ሚሊዮን ሰው ይይዝ እንደነበር የሚገመተው፣ ማዕከሉ የተዋጋው ጊኒ ዎርም የተባለ የትል በሽታ በ2024 በዓለም ላይ ከ20 ባነሱ ሰዎች ላይ ብቻ ታየ። ማዕከሉ በእኛም አገር በጋምቤላ ይህን በሽታ፣ በአማራ ክልል ትራኮማን ሲዋጋ ቆይቷል። በ2002 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

አንድም፦ ያኔም ከወቀሳ አላመለጠም ሲል ነው። በ1989 የኢትዮጵያን መንግሥትና የኤርትራ ሕዝብ ነጻነት ግንባርን በአትላንታ፣ ቀጥሎም በናይሮቢ አነጋገሩ፤ ድርድሩ ፍሬ ሳያፈራ ቆመ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ታዛቢዎቻቸውን እየመሩ አዲስ አበባ መጡ፤ ከተቃዋሚው ደጋፊዎች ብዙዎቹ «ለመንግሥት አለሳልሰው ተናገሩ» ብለው ዛሬም ያነሡታል።

አንድም፦ ምስጋናው ራሱ ማዛቢያ ሆነ ሲል ነው። «ከሁሉ የተሻሉ የቀድሞ ፕሬዚዳንት» የሚለው ሙገሳ፣ ፕሬዚዳንት ሳሉ ምንም አልነበሩም ብሎ በጨዋ አንደበት ማሳነስ ይሆናል። በሌላ በኩል የሽማግሌውን ደግነት ወደ ኋላ ወስዶ በ1979 ላይ ማልበስም አለ። ጊኒ ዎርምን መዋጋታቸው ለቴህራኑ ጥፋት ስርየት አይሆንም፤ የቴህራኑ ጥፋትም የትራኮማውን ሥራ አያረክሰውም። ሁለቱ በየመዝገባቸው ይጻፉ።

በጃንዋሪ 2025 በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል በተደረገው የቀብር ጸሎት ላይ ከሁለቱም ፓርቲ የነበሩ አምስት ፕሬዚዳንቶች ተቀመጡ። በ1976 የተሸነፉት ፎርድ በ2006 ከመሞታቸው በፊት ለካርተር የጻፉትን ሙገሳ ልጃቸው አነበቡት። ተፎካካሪ እንዲህ ሊመዝን የቻለው ምርጫው ካለፈ በኋላ ወዳጅ ስለሆነ ነው፤ ለፍርድ ግን ወዳጅነትም ጠላትነትም አያስፈልግም፣ መዝገቡን ማንበብ ይበቃል።

ፍርድ

የጂሚ ካርተር አራት ዓመት ከሽንፈታቸው ይበልጣል፣ ከቀብራቸው ሙገሳ ያንሳል። በውጭ ጉዳይ የቆየ ሰላምና የተከበረ ውል ትተዋል፤ በኢራን ግን ማስጠንቀቂያ ሰምተው ተሳስተዋል። በኢኮኖሚ ሕመሙን አልጀመሩትም፣ መድኃኒቱን ግን በራሳቸው ኪሳራ አዘዋል። ሰብዓዊ መብትን የውጭ ፖሊሲ ጥያቄ አድርገዋል፤ ጥያቄውን ለሁሉም በእኩል አልጠየቁም። የራሳቸውን ፓርቲ መምራት አልቻሉም፤ ይህ ጉድለት የማንም ሤራ አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሁን በአዲስ አበባ፣ ስለ ዛሬው ወይም ስለ ነገው ፕሬዚዳንት ክርክር ሲነሣ ሦስቱን ጥያቄ አስቀድም። የወደድኸው መሪ የሚወቀስበትን አንድ ሥራ፣ የጠላኸው መሪ የሚመሰገንበትን አንድ ሥራ በስምና በዓመት መጥራት ካልቻልህ፣ ገና ንባቡን አላነበብህምና ለፍርድ አትቸኩል።